እስቲ ሌላ ምሳሌ

በልጅነቴ እታለም ትምህርት የማይገባት ሴት ትመስለኝ ነበር። እታለም የምላት አክስቴን ነው፤ የእናቴን ታናሽ። እናቴ ስትሞት እኔ ገና ድክ ድክ የምል ነበርኩ አሉ። አባቴ ደግሞ የጭነት መኪና ሹፌር ስለነበረ ከቤት ይልቅ መንገድ ላይ ነው ያረጀው። ስለዚህ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ስታሳድገኝም የሚያቅታት ነገር አይቼ አላውቅም፤ ልብሴን ራሷ ትሰፋለች፣ የተበላሸ ካውያ ፈታታ ትገጥማለች፣ ከጎረቤት ጋር ተጣልታ በማግስቱ ምንም እንዳልተፈጠረ ስኳር ትበደራለች። ይቺ ሴት ታዲያ አንድ ተነጻጻሪ ዘይቤ እንዴት ሳይገባት ይከርማል? የእኔ ጭንቀት ይሄ ነበር።

እታለም የምትሠራው የሴቶች ፀጉር ቤት ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ የምገባው እዚያ ነው። ጠባብና ረዥም ክፍል ሆኖ በአንድ በኩል መስታወቶች፣ በሌላው በኩል ካስኮቹ ተደርድረዋል። ካስክ ማለት ያ ጭንቅላት ላይ የሚደፋው፣ ትኩስ አየር እያጓራ ፀጉር የሚያደርቀው ጉደኛ ማሽን ነው። ሻምፖው፣ የተተኮሰው ፀጉር፣ እርጥቡ ፎጣ፣ ሁሉም አንድ ላይ ይሸታል። እስከ ዛሬ የትም ቦታ እርጥብ ፎጣ ሲሸተኝ ያ ክፍል ይታየኛል።

ካስክ ስር የተቀመጠች ሴት አትሰማም። እሷ ካልሰማች ደግሞ ሌላውም የማይሰማ ይመስላታል። እያንሾካሾከች መስሏት ቤቱን በጩኸት ታናውጠዋለች። አንድ ቀን አንዲት የተከበሩ እናት አጠገባቸው ላለችው ወዳጃቸው ምስጢር ሊነግሩ ዘንበል ብለው፣ «ምራቴን አልወዳትም!» ሲሉ በመንገድ የሚያልፈው ሁሉ ዞሮ አየ። ምራታቸው ደግሞ እዚያው ጥግ ፀጉሯን እየታጠበች ነበር። «ምን አሉ?» ብላ ቀና ስትል፣ የፀጉር ቤቱ ባለቤት ማዳም ሳታመነታ፣ «ሞቀኝ ነው የሚሉት» አለቻትና መልሳ ውሃው ስር አስገባቻት። የቤቱ ሕግ ይሄ ነበር። ከካስክ ስር የወጣ ነገር አልተባለም፤ ማንም ምንም አልሰማም። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ትል ነበር ማዳም፣ «እኛ ደግሞ ባለቤቷን አናሳፍርም።»

መምህሩ የመጣው ዝናብ ሸሽቶ ነው። ፊት ለፊታችን ባለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቋንቋ መምህር ነበር፤ ቀጭን፣ ኮቱ ትከሻው ላይ የተሰቀለ የሚመስል፣ ድምፁ ግን ጎርነን ያለ። የተማሪዎቹ የፈተና ወረቀት እንዳይርስበት ኮቱ ውስጥ ሸጉጦ በራችን ላይ ቆመ። የሴቶች ቤት ነውና መግባት አፈረ። እታለም ፎጣ አቀበለችውና፣ «ይግቡ እንጂ መምህር፤ አንበላዎትም» አለችው።

አግዳሚው ላይ፣ ከእኔ አጠገብ ተቀምጦ ማረም ጀመረ። እታለም የደንበኛዋን ፀጉር እየጠቀለለች በትከሻው አሻግራ ወረቀቱን ታያለች። ትንሽ ቆይታ ከት ብላ ሳቀች።

«ምን አገኙ?» አላት።

«ይሄ ልጅ ‹ለግነት ምሳሌ ስጥ› ቢባል ‹አባቴ› ብሎ መልሷል።»

መምህሩ ወረቀቱን ገልብጦ አየና እሱም ሳቀ። «ትክክል ልበለው?»

«አባቱን ካወቋቸው ይበሉት።»

«ዘይቤ ያውቃሉ ማለት ነው?»

እታለም አንድ ጥቅል ፀጉር ጨረሰች፤ ሌላውን ያዘች። ከዚያ፣ «ኧረ የት አውቄ!» አለች። «የማታ ትምህርት ጀምሬ ለአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና እየተዘጋጀሁ ነው። ይሄ ዘይቤ የሚሉት ነገር ግን አልገባ አለኝ። የሚያስረዳኝ ሰው ባገኝ…»

ማዳም ዞር ብላ አየቻት። የሆነ ነገር ልትናገር አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው።

እኔም ገርሞኛል። የማታ ትምህርት? ማታ ማታ ከእኔ ጋር አይደል እንዴ የምትተኛው? ግን እታለም ትዋሻለች ብሎ ማሰብ አይሆንልኝም ነበር፤ እንቅልፍ ሲወስደኝ ተነስታ ትሄዳለች ማለት ነው ብዬ ደመደምኩ። አንጀቴን በላችኝ። ቀን ቆማ ውላ፣ ሌሊት ትምህርት!

ፈተና የሚባል ነገር አልነበረባትም። አስራ ሁለተኛን የጨረሰችው እኔ ሳልወለድ ነው፤ ያውም ከክፍሏ አንደኛ ሆና። ይህን የነገረኝ አባቴ ነው፣ እኔ ዩኒቨርሲቲ የገባሁ ጊዜ። «ጭንቅላትሽ በአክስትሽ ወጥቷል» አለኝና ወደ ሌላ ወሬ አለፈ። እኔ ግን ከዚያ በኋላ ያወራውን አልሰማሁትም።

ሰኞና ረቡዕ ገበያው ቀዝቀዝ ይላል። መምህሩ በእነዚያ ቀናት ከሰዓት በኋላ ይመጣል፤ ሻይ ይታዘዝለታል፤ ትምህርቱ ይጀመራል። እታለም እየሠራች፣ እሱ አግዳሚው ላይ፣ እኔ ደብተሬ ላይ አቀርቅሬ።

«ተነጻጻሪ ዘይቤ» ይላል፣ «አንዱን ነገር ከሌላው ጋር በ‹እንደ› የሚያመሳስል ነው። ለምሳሌ፣ ‹እጇ እንደ ንጋት ውሃ ቀዝቃዛ ነው›።»

እታለም እጇን ከመታጠቢያው አወጣችና ገላብጣ አየችው። «አልገባኝም። እስቲ ሌላ ምሳሌ።»

«‹ስትቆጣ እንደ ሕፃን ልጅ ከንፈሯን ትጥላለች›።»

«ማነው ከንፈሯን የምትጥለው?»

«ምሳሌ ነው።»

«እንግዲያው አሁንም አልገባኝም። ሌላ።»

እኔ እኮ በመጀመሪያው ነው የገባኝ! በእፍረት ጆሮዬ ይግላል። ቤት ስንገባ እኔው አስጠናታለሁ። «እታለም፣ ‹እንደ› ካለ ተነጻጻሪ ነው፣ በቃ። ‹እንደ›ን ብቻ ፈልጊ።» «እሺ የኔ መምህር» ትለኛለች። «‹እንደ› ካለ ተነጻጻሪ። አሁን ያዝኩት።» ሰኞ ይመጣል፤ መምህሩ ይጠይቃታል፤ ጠፍቶባታል! አቤት የኔ መቃጠል! እሱ ደግሞ አይሰለቸው፣ አይቆጣ። ምሳሌ በምሳሌ ላይ ይደረድርላታል። በምሳሌዎቹ ውስጥ ሁልጊዜ አንዲት ሴት አለች፤ አንገቷ፣ አረማመዷ፣ ስትስቅ እጇን አፏ ላይ ማድረጓ። መጽሐፍ ውስጥ ያለች ሴት ትመስለኝ ነበር። ከእታለም ጋር ያላቸው መመሳሰል አንድም ቀን አልታየኝም፤ እታለምን ሳውቃት እኮ ምሳሌ አይደለችም።

ተለዋጭ ዘይቤ ላይ ስንደርስ ነገሩ ባሰ።

«ይሄኛው ‹እንደ›ን ይጥላል» አለ መምህሩ። «ይመስላል አይልም፤ ነው ይላል። ለምሳሌ፣ ‹ቤቴ አንቺ ነሽ›።»

ማበጠሪያው ከእታለም እጅ ወደቀ። ደንበኛዋ መስታወቱ ውስጥ አንገቷን ደፋች። እታለም ማበጠሪያውን ለማንሳት ጎንበስ ብላ ከሚገባው በላይ ቆየች።

«ሰው እንዴት ቤት ይሆናል?» አለች፣ ቀና ስትል።

«ሰው ሲመሽበት ወዴት ነው የሚሄደው?»

እጄን አወጣሁ። «‹እንደ› የለበትም! ተለዋጭ ነው!»

«ጎበዝ» አለኝ፣ እሷን እያየ።

በዚያ ሰሞን እታለም ጭራሽ ባለጌ ሆነች። መምህሩን «አንተ» ማለት ጀመረች! እኔ አንዱን መምህሬን አንተ ብል በቁንጥጫ ትለበልበኝ የነበረች ሴት! እሱም ቅር አላለውም፤ እንዲያውም ፊቱ ያበራል። አንድ ቀን እታለም ለማዳም ዕቃ ልትገዛ ወጥታ ስትመለስ፣ «ሺህ ዓመት ጠበቅኩሽ» አላት። «ውሸት ነው፤ አሁን ነው የመጣው» አልኩ እኔ። ሁሉም ሳቀ። «ግነት ይባላል» አለኝ። «እውነቱ አልበቃ ሲልሽ ከፍ ታደርጊዋለሽ።»

እኔም ወደድኩት። አሁን ሳስበው፣ ከእሷ ባልተናነሰ ወደድኩት። እርሳሴን ይቀርጽልኛል፤ ጥያቄዬን እንደ ትልቅ ሰው ጥያቄ አስቦበት ይመልሳል። ውጭ ዝናብ፣ ውስጥ የካስኩ ሙቀት፣ እታለም እያንጎራጎረች። ከዚያ በኋላ የተሻለ ቤት ኖሬያለሁ፣ የተሻለ በልቻለሁ፤ እንደዚያ ክረምት ግን ምንም አልጎደለኝም የምልበት ጊዜ አላገኘሁም።

ዝናቡ ሲያባራ መምህሩ ዜና ይዞ መጣ። ወደ ሩቅ ከተማ ተዛውሯል። አዲስ ትምህርት ቤት ነው፤ የክፍል ኃላፊ አድርገውታል፤ መኖሪያ ቤትም ይሰጡታል። ሳይቀመጥ ነው የተናገረው።

«እሰይ!» አለች እታለም። «እንኳን ደስ አለህ! እኔስ ብትል፣ ደስታዬን የት ላድርሰው?»

እኔ አጨበጨብኩ። ማዳም፣ «አንቺ ልጅ፣ እጅሽን ሰብስቢ» አለችኝ። ምጸትን ገና አልተማርንም ነበር።

«ብቻዬን መሄድ አልፈልግም» አለ መምህሩ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። ይሄን የሚያህል ሰውዬ መንገድ ይፈራል ብዬ ልቤ ውስጥ ሳቅኩበት። እታለም ማበጠሪያዎቹን ማጠብ ጀመረች። እሱ ጉሮሮውን ጠርጎ ትምህርቱን ጀመረ፤ ባለፈው ሰውኛን ጨርሰናል፤ የዚያ ቀን ተራ እንቶኔ የሚባለው ነበር። «የሌለን ሰው እንዳለ፣ የማይሰማን ነገር እንደሚሰማ አድርጎ ማናገር ነው።»

«መልስ ላይሰጥ ምን ይጠቅማል?»

«ለመልስ አይደለም። ዝም ማለት ስለማይቻል ነው።»

እታለም ለመጀመሪያ ጊዜ ሌላ ምሳሌ አልጠየቀችም።

እሱ ሲወጣ ማዳም ክንዷን ያዘቻት። «ሂጂ» አለቻት። «ልጅቷንም ይዘሽ ሂጂ።»

«አባቷስ?»

«ይጠየቃ! መጠየቅ ምን ይገድላል?»

አባቴ በዚያው ሳምንት መጣ። እንደ ልማዱ ናፍጣ ናፍጣ የሚሸተውን ጃኬቱን በሩ ላይ ሰቀለ፤ ጉንጬን በጢሙ ወጋኝ፤ ብስኩት ሰጠኝ። ክፍላችን አንድ ነው፤ አልጋችን ያለው ከመጋረጃ ጀርባ ነው። «ሂጂ እዚያ ተጫወቺ» ተባልኩ። መጋረጃ ደግሞ ምን ይከልላል?

«ሰውየውን አልጠላሁትም» ይላል አባቴ። «አንቺንም አልከለክልሽም። ዕድሜሽ ነው። እስከ መቼ የሰው ልጅ ታሳድጊያለሽ?»

«የሰው ልጅ አይደለችም።»

«አውቃለሁ፤ አፌ ነው። ግን ያ አገር የእኔ መንገድ አይደርስበትም። ልጄን በዓመት አንዴ ላያት ነው? መሪ ይዤ ስነዳ የማድረው እዚህ ቤት እንዳለች ስለማውቅ ነው። አንቺ ሂጂ። እሷን ለእናቴ እሰጣለሁ።»

«እናትህ ከአልጋ ከተነሱ ስንት ጊዜያቸው? እሳቸው ራሳቸው አስታማሚ ይፈልጋሉ።»

«ታዲያ ምን ላድርግ? ከጭነቱ ጋር ልጫናት?»

እታለም፣ «እህቴ አደራ ብላኛለች» አለች።

«እኔንም አደራ ብላኛለች» አለ አባቴ። ድምፁ ተሰበረ። አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ይሻል ነበር። ክፉን ሰው ጥሎ መሄድ ይቻላል።

እኔ ብስኩቴን እየበላሁ የሰማሁት ሌላ ነው። አገር ሊታይ ነው፤ አያቴ ጋ ሊኬድ ነው፤ ጉዞ አለ! ጠዋት እታለም ፀጉሬን እየጎነጎነች፣ «አያትሽ ጋ ብትኖሪ ደስ ይልሻል?» አለችኝ።

«አንቺም ከመጣሽ።»

«እኔ ባልኖርስ?»

«አንቺማ ትኖሪያለሽ!» አልኳት። ሳቄ መጣ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ይጠየቃል?

እጇ ፀጉሬ ላይ ቆመ። ከዚያ መጎንጎኗን ቀጠለች።

መምህሩ በሚሄድበት ቀን ማዳም እታለምን ጎትታ ወንበር ላይ አስቀመጠቻት። «የሰው ፀጉር ስትሠሪ ኖረሽ ያንቺ ጎፈሬ ሆነ። ዛሬ እኔ ነኝ የምሠራሽ» አለቻትና አጥባ ጠቅልላ ካስክ ስር አስገባቻት። ደንበኞች አሉ፤ አንዷ ጥፍሯን ትቀባለች፣ ሌላዋ መጽሔት ታገላብጣለች። እኔ አግዳሚው ላይ ነኝ። ይመጣል ከተባለበት ሰዓት ቀድሞ፣ መምህሩ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ገባ።

ማዳም ካስኩን ልታጠፋ እጇን ስትዘረጋ እታለም በዓይኗ ከለከለቻት። ጫጫታው ይሸፍነኛል ብላ ነው! ዕድሜዋን ሙሉ ካስክ ስታበራና ስታጠፋ የኖረች፣ የስንቱን ጓዳ በጩኸት የሰማች ሴት፣ በዚያች ሰዓት ሁሉም ነገር ጠፋባት።

መምህሩ አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ ወደ ጆሮዋ ተጠጋ። እሱ ያለውን አልሰማንም። የእሷን ግን ሰፈሩ ሰማው።

«አልችልም!»

የጥፍር ቀለሙ ብሩሽ በአየር ላይ ቀረ። መጽሔቱ ቆመ።

«አባቷ እምቢ አለኝ! ለመንኩት እኮ!»

እሱ አንድ ነገር አላት።

«ልጅቷን ጥዬ አልሄድም! እንዳትለምነኝ! ከለመንከኝ እሄዳለሁ፤ ከሄድኩ ደግሞ ራሴን እጠላለሁ፣ ቀጥዬ አንተን እጠላሃለሁ!»

እኔ የቃል ፈተና መስሎኛል። መምህሩ ከመሄዱ በፊት የመጨረሻ ፈተና እየፈተናት ነው ብዬ ልቤ ይመታል። «ልጅቷ» ስትል፣ ምሳሌው ውስጥ ያለችው ሴት አሁን ደግሞ ልጅ ወልዳለች አልኩ። ያቺ ልጅ እኔ ልሆን እንደምችል አልመጣልኝም። መጥቶልኝ ቢሆን ምን አደርግ ነበር? ሂጂ እል ነበር? እንጃ። ልጅ ነበርኩ፤ እግሯ ላይ እጠመጠም ነበር።

«እወድሃለሁ!» ብላ ጮኸች። «ይሄን ደግሞ ማንም አይስማ!»

ማዳም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ልቤ ካንተ ጋር ይሳፈራል! መንገድ ላይ እንዳታወርደው!»

አላስቻለኝም። ከአግዳሚው ላይ ብድግ ብዬ፣ «ሰውኛ!» አልኩ። «ልብ እንደ ሰው ተሳፈረ! ሰውኛ ዘይቤ!»

መምህሩ ዞሮ አየኝ። ዓይኑ ቀልቷል፤ የካስኩ ሙቀት ነው አልኩ። «ትክክል» አለኝ። «ጎበዝ።» ሻንጣውን አነሳና ወጣ።

ማዳም ካስኩን አጠፋችው። ቤቱ ጭር አለ። እታለም ብቅ ብላ አንድ በአንድ አየችን፤ ፊቷ ቀስ እያለ ሲለወጥ ይታየኛል።

«ጮህኩ እንዴ?» አለች።

«ምን ተብሎ?» አለች ማዳም።

«ኧረ እኛ ምንም አልሰማን!» አለች ጥፍሯን የምትቀባው። መጽሔት የያዘችው፣ እንባዋ አገጯ ላይ ወርዶ፣ «ሞቀኝ ያልሽ መሰለኝ» አለቻት።

«እኔ ግን ሰም—» ስል ማዳም ጭኔን እንዴት አድርጋ እንደቆነጠጠችኝ!

እታለም አመነቻቸው። «አዎ» አለች፣ ፊቷን በፎጣ እየሸፈነች። «በጣም ሞቆኝ ነው።»

ከዚያ በኋላ እታለም ለባዶው አግዳሚ ታወራ ጀመር። እየጠረገች፣ «እግርህን አንሳ እስቲ» ትላለች። ሻይ ስትቀዳ፣ «ዛሬ ደግሞ ዘገየህ» ትላለች። ዝናብ ሲጀምር በሩ ላይ ቆማ፣ «ፎጣው ደርቋል፤ ግባ» ትላለች። እኔ እንዴት ደስ እንዳለኝ! እንቶኔ ገባት! ያለ አስጠኚ፣ ያለ ምሳሌ፣ ብቻዋን ታጠናለች! በየመሀሉ፣ «እታለም፣ ትክክል ነው! ይሄ እንቶኔ ነው! ታልፊያለሽ!» እላታለሁ። እሷም ትስቃለች። «አልፋለሁ አይደል?» ትለኛለች። «ታልፊያለሽ!» እላለሁ። በኋላ ፈተናው መቼ ነው ብዬ ስጨቀጭቃት፣ «ቀረ» አለችኝ። እኔ አለቀስኩ። ያን ሁሉ ደክማ!

አላገባችም። የጠየቋት ነበሩ፤ ሆድ ይፍጀው ብላ መለሰቻቸው። እኔን አስተማረች፣ ዳረች፣ ልጆቼን አቀፈች። ማዳም ስትሞት ፀጉር ቤቱን ያዘች፤ ጉልበቷ ሲደክም ተወችው። ስለ መምህሩ አንድም ቀን አንስታ አታውቅም። እኔም አላነሳሁም፤ የቤቱ ሕግ አይደል?

እኔ የቋንቋ መምህር ሆኛለሁ። በየዓመቱ እነዚያኑ ዘይቤዎች አስተምራለሁ። እንቶኔ ላይ ስደርስ ምሳሌውን ተማሪዎቹ እንዲሰጡ አደርጋለሁ፤ እኔ መስጠት አልችልም።

ባለፈው ክረምት ለፈተና እርማት ከየከተማው ሰብስበውን ነበር። በሻይ ሰዓት ከአራሚዎች ጋር ስንሳሳቅ፣ ስም ሳልጠራ፣ ካስክ ስር ተቀምጣ ፍቅሯን ለሰፈር ያሰማችውን ሴት ነገርኳቸው። ሳቁ። ከጠረጴዛው ጫፍ አንድ ሽማግሌ፣ ለቁጥጥር የተጠሩ ጡረተኛ፣ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ።

«‹ሰውኛ› ያልሽው አንቺ ነሽ?» አሉኝ።

ድምፃቸው ያው ጎርናናው ነበር።

«አለች?» አሉ። ደህና ናት ወይ አላሉም፤ አለች ወይ ብቻ።

«አለች።»

ወንበራቸውን ወደ እኔ አስጠጉና እንደ ማንም ሰው ኑሯቸውን አጫወቱኝ። አግብተዋል፣ ልጆች አሳድገዋል፣ ባለቤታቸው አርፈዋል፤ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። «ስንት ጊዜ ልመጣ ተነሳሁ መሰለሽ» አሉ። «‹እንዳትለምነኝ› ብላኛለች። መምጣቴ መለመን ይሆንብኛል ብዬ ተቀመጥኩ።»

እንደተመለስኩ እታለም ጋ ሄድኩ። አልጋዋ ላይ ተቀምጣ የታጠበ ልብስ ታጥፋለች።

«መምህሩን አገኘኋቸው» አልኳት።

«የቱን መምህር? አንቺ መምህር፣ ጓደኞችሽ መምህር፣ የቱን ልበል?» አለች። ሸሚዙን ግን ያጠፈችውን መልሳ ዘረጋችው።

ነገርኳት። ሁሉንም። ያኔ ጮኻ እንደነበርም ነገርኳት።

«ሰምተዋል?» አለች። እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ውይ በሞትኩት! እነዚያ ውሸታሞች! ሞቀኝ አልሽ ብለውኝ!» ሳቀች፤ ሳቋ መሀል ላይ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ፤ እኔም አብሬያት ሆንኩ።

«በእኔ ምክንያት ነው የቀረሽው» አልኳት።

«ባንቺ ምክንያት ነው። ታዲያስ? አንቺን ይዤ መቅረቴ አንድም ቀን አልቆጨኝም። እሱም ሳይናፍቀኝ የዋለበት ቀን የለም። ሁለቱ አብረው ይኖራሉ፤ አይጣሉም።»

«እንሂድ፤ ልውሰድሽ» አልኳት።

«ወዴት? አብደሻል? በዚህ ዕድሜዬ! በዚህ ጉልበቴ! ሰው ምን ይላል? ‹አሮጊቷ ተሞሸረች› ልታስብዪኝ ነው? ሂጂ ወደ ልጆችሽ፤ ራት አይበሉም? ሂጂ!» ልብሱን ሰብስባ ፊቷን አዞረችብኝ። ስትቆጣ የሚመልሳት የለም። ቦርሳዬን አንስቼ፣ ግንባሯን ስሜ ወጣሁ።

በሩን ልዘጋ ስል ጠራችኝ።

«ስሚ» አለች፣ ሳታየኝ። «በጠዋት ከሆነ ነው። ከሰዓት በኋላ መንገድ አልወድም።»